የአዋላጇ ፊት

አሶሳ፣ መጋቢት 26 ቀን 2012 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው?

ባለፈው እሑድ አይናለምን አዝለሽ አጥሩ በር ላይ ስትቆሚ ዞር ብዬ ያላየሁሽ ጨክኜ አይደለም። ዞር ብል ኖሮ ከመኪናው እወርድ ነበር። ከወረድኩ ደግሞ ተመልሼ የምሳፈር አይመስለኝም።

ስልክ ለእኛ እንደማይሆነን ታውቂዋለሽ። ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ እኔ ስጮህ፣ አንቺ «አይሰማም» ስትዪ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ በደብዳቤ እንሁን። ይህን የሚያመጣልሽ ሰው ፈየራ ይባላል፤ የሆስፒታላችን የአምቡላንስ ሹፌር ነው። መንገድ ቢዘጋም አምቡላንስ የሚከለክል የለም፤ ወደ ባምባሲ በመጣ ቁጥር መንደራችን ጎራ ይላል። ወረቀቱን አንብበሽ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው።

«ሥራሽን ውለሽ ማታ ወደ ልጅሽ ብትገቢ ምን ነበረበት?» ያልሽኝን ዝም ብዬ ያለፍኩት መልስ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ማልቀሴን እንዳታዪ ነው። አዋላጅ ከሰው ትንፋሽ ርቃ መሥራት አትችልም። ምጥ የያዛት ሴት ትጮኻለች፣ ታለከልካለች፣ አንገቴን ጨምድዳ ትይዛለች። ይህ አዲስ የመጣው በሽታ ደግሞ መንገዱ ትንፋሽ ነው። በእኛ ክልል እስካሁን ተገኘ የተባለ ሰው የለም፤ ሲመጣ ግን ማን ይዞት እንደሚመጣ አናውቅም። እኛ አዋላጆቹ ተነጋግረን እዚሁ ግቢ ውስጥ ለማደር ወሰንን። ሰራዊትም እንደምታውቂው ጉባ ነው፤ የግድቡ ሠራተኞች ከካምፕ እንዳይወጡ ተደርጓል። ባሌ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ ለልጃችን ከአንቺ የተሻለ ማን አላት?

ጡቴ ሞልቶ ያመኛል። ይህን ለሌላ ሰው አልነግርም።

የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። ሲያልቅ ባምባሲ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ውሰጂ፤ አፍሽን ሸፍነሽ ሂጂ።

ልጅሽ ፍሬሕይወት


ባምባሲ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬሕይወት፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። ፊደሌን አይተሽ እንዳትስቂብኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማርኩት ነው፤ እጄ ከብዕር ይልቅ መኮትኮቻ ለምዷል።

ፈየራ የላክሽውን ጥያቄ አድርሷል። እንዴት መሰለሽ ያደረሰው? ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ እኔ እንድሰማ ብሎ፣ «ጡት ትጠይቃለች ወይ ብላለች!» ብሎ ጮኸ። መንደሩ በሙሉ ሰማ። እኔ ግን አልሰማሁም፤ ጎረቤታችን አንለይ ነው ከእርሻው መጥቶ የነገረኝ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለውን በወረቀት አድርጊው።

አዎ፣ መጀመሪያ ሰሞን ትጠይቅ ነበር። የእኔን ደረቅ ጡት ሰጠኋት። አየችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ተወችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። አሁን ማንጎ ለምዳለች፤ ከአገጯ እስከ እምብርቷ ቢጫ ሆና ነው የምትውለው።

ፋሲካን ቤታችን ሆነን አሳለፍን። ዶሮዋን አንለይ አረደልኝ፤ እኔም የድርሻውን በአጥሩ ላይ አቀበልኩት።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ብሪቱ የምትባለው የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ መጥታ ነበር፤ ያቺ ከወለጋ የመጣችው፣ ሸጋዋ። አፍንጫና አፏን ሸፍና ስለ በሽታው ብዙ ነገረችኝ። ልጄ፣ እኔ እኮ አሁን የምሰማው በዓይኔ ነው። የሰው ከንፈር ካላየሁ ሰው አይሰማኝም። እናንተ አፋችሁን ስትሸፍኑ እኔ ጨርሼ ደነቆርኩ። እንዳይከፋት ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ ነገሩ ገብቷት ኖሯል። ራቅ ብላ ከማንጎው ሥር ቆመችና መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ነገረችኝ። ሲገባኝ ጊዜ መልሳ ሸፈነችና ገብታ የአይናለምን ክንድ ለካች። ጥሩ ነው ብላለች፤ አልከሳችም።

መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነው። ስለ እኔ አታስቢ።

እመብርሃን በጥላዋ ትከልልሽ።

እናትሽ አሰለፈች


አሶሳ፣ ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

እማዬ፣

ቆይቼ በመመለሴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ስለ አንለይ ምራት የሰማሽው እውነት ነው። ያረፈችው እኔ እጅ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ ለቅሶው ላይ እንደምትቀመጪ ሳስብ ብዕሩ ይከብደኛል።

ምጡ የጀመራት ከጠዋት ነው አሉ። «ሆስፒታል ከሄድሽ ብቻሽን ያስገቡሻል፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ይይዙሻል፣ ካሳለሽ ደግሞ ወዳልታወቀ ቦታ ይወስዱሻል» ብለዋት ቤት ዋለች። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሟ አልቆም አለ። ፈየራ እየበረረ አመጣት፤ ግን ብዙ ደም ፈስሷት ነበር። አንለይ ሕፃኑ ደህና መሆኑን አይቷል፤ ይህን ግን አያውቅምና ንገሪው፦ ምራቱ ብቻዋን አልነበረችም። እስከ መጨረሻው እጇን ይዤ ስሟን እጠራላት ነበር።

ሰዎቹ ያሏት ደግሞ ውሸት አልነበረም። እውነትም ብቻቸውን ነበር የምናስገባቸው። እውነትም ፊታችን አይታይም። እማዬ፣ በሽታው ገና እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ እሱን ስንፈራ ሰው ሞተብን።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ተራርቀን ቆመን ተሰበሰብን። ዶክተር ለገሰ የክፍላችን ኃላፊ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ሲጨነቅ ግን በር መዝጋት ይቀናዋል።

«አስታማሚ ይግባ ማለት በሽታው ይግባ ማለት ነው» አለ።

«አስታማሚ አይግባ ስላልን እናቶቹም ቀሩ» አልኩት።

ሌሎቹም ተናገሩ። አንዷ አለቀሰች። ብዙ ከተከራከርን በኋላ አንዲት እናት አንድ ሰው ይዛ እንድትገባ ተስማማን፤ ያ ሰው ሙቀቱ ተለክቶ፣ አፉን ሸፍኖ፣ እስክትወልድ ከአጠገቧ ሳይነሳ እንዲቆይ። በኋላው በር በኩል የዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል አጽድተን ትኩሳትና ሳል ላላቸው ብቻ ማዋለጃ አደረግነው። የነፍሰ ጡሮቹን ክትትል ከጠባቡ ኮሪደር አውጥተን ግቢው ውስጥ ካሉት ማንጎዎች ሥር አዞርነው። አግዳሚ ወንበሮቹን አራርቀን፣ ነፋስ እየነፈሰልን እንሠራለን። አልፎ አልፎ የበሰለ ማንጎ መሐላችን ዱብ ሲል ሁላችንም ደንግጠን እንስቃለን። መሳቅ ረስተን ነበር።

ከለወጥናቸው ነገሮች አንዱ ግን ያንቺ ነው። ብሪቱ ማንጎው ሥር ቆማ አፏን ገልጣ እንዳናገረችሽ የጻፍሽልኝን አስቤ፣ አሁን ማንኛዋም እናት ስትመጣ መጀመሪያ ከመስኮቱ ውጭ እቆማለሁ። መስታወቱ ዝግ ነው። መሸፈኛዬን አወርድና ፊቴን አሳያታለሁ፤ ስሜን እነግራታለሁ፤ ምን እንደማደርግላት እነግራታለሁ። ከዚያ ለብሼ እገባለሁ። ሌሎቹም ማድረግ ጀምረዋል። ዶክተር ለገሰ እንኳ ትናንት መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲስቅላቸው አየሁት። ጥርሱን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ለአንለይና ለባለቤቱ እግዚአብሔር ያጽናችሁ በይልኝ። ራሴ መምጣት ነበረብኝ።

ፍሬ


ባምባሲ፣ ግንቦት 23 ቀን 2012 ዓ.ም.

ፍሬዬ፣

ለአንለይ ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ «ስሟን ስትጠራላት ሰምታ ይሆን?» አለኝ። «ሰምታለች» አልኩት። ሰምታለች አይደል? ባትሰማም ሰምታለች ብዬዋለሁ፤ እንዳታፈርሽብኝ።

ለቅሶው ለቅሶ አልመሰለም። በአገራችን ሐዘንተኛ ይታቀፋል፣ ይደገፋል። እኛ ግን እዚህም እዚያም በየዛፉ ሥር ተበትነን ተቀመጥን። ብሪቱ አትቀራረቡ ትላለች፤ ልጂቱ እውነቷን ነው፣ ግን ክፉ እውነት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ተነስቼ የአንለይን ሚስት እጇን ያዝኩ። ከዚያ በሳሙና ታጠብኩ። ንስሐ መግባት ካስፈለገኝ ንገሪኝ።

የሕፃኑን ወተት ነገር ብሪቱ እየተከታተለች ነው። አክስቱ የምታጠባ ስለሆነች ከልጇ ጋር እያጠባችው ነው።

አይናለም እግሯ ጠንክሯል፤ ሮጣ ከዶሮዎቹ ጋር ትጋፋለች። «እማ ሥራ» ማለት ተምራለች። «እማሽ የት ናት?» ሲሏት «እማ ሥራ» ትላለች። ይህን ልንገርሽ ወይስ ልተወው ብዬ ሳመነታ ነበር፤ ጻፍኩት።

እናትሽ


አሶሳ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

እማዬ፣

ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የምጥ ጩኸት እንኳ አይሰማም።

በፈየራ በኩል ፈርተሽ የጠየቅሽኝ ነገር፣ አዎ፣ በሽታው እኛም ዘንድ ገብቷል። ልደብቅሽ አልችልም፤ ብሪቱ ትነግርሻለች። ለበሽታው ብለን ግቢው ውስጥ በተከልነው ድንኳን የተኙ ሰዎች አሉን። እኔ ግን ደህና ነኝና ስለ ማሪያም ልንገርሽ፤ ደስ የሚል ነገር ለመጻፍ ናፍቄያለሁ።

ማሪያም ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የበርታ መንደር ናት። ባሏ ሱለይማን በባጃጅ አመጣት። ምጥ ይዟታል፣ ትኩሳት አላት፣ ታስላለች። በኋላው በር አስገባናት። እሷ አማርኛ እምብዛም አትችልም፤ እኔም የእነሱን ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም። መስኮቱ ላይ ቆሜ ፊቴን አሳየኋት። ሱለይማን እያስተረጎመ ስሜን ነገርኳት። ከዚያ ጋውኑን፣ መነጽሩን፣ ጓንቱን፣ ሁሉን ለብሼ ስገባ ትክ ብላ አየችኝና «ፍሬሕይወት?» አለች። «አዎ፣ እኔው ነኝ» አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ። ምጡ ሲበረታ መነጽሬን መንጭቃ ጣለችው፤ ግን ምን ይደረግ፣ የልጅቷ ራስ እየወጣ ነበር። ሴት ልጅ ወለደች።

የናሙናው ውጤት መጣ፤ ማሪያም በሽታው አለባት። ዶክተር ለገሰ ሕፃኗ ለብቻዋ ክፍል ትወሰድ፣ የጣሳ ወተት ይሰጣት ብሎ አዘዘ። ሱለይማን በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ዶክተር» አለው፣ «ማሪያም እምቢ አለ። ልጅ አይሰጥም። ወላሂ ለእኔም አይሰጥም።»

«ለልጅህ ብዬ ነው» አለው ዶክተሩ። «ብትታመምስ?»

እኔ ያን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። እናት አፏን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ብታጠባ እንደሚሻል የተላከልንን መመሪያ አንብቤ ነበር። «ዶክተር፣ በዚህ ዝናብ የጣሳ ወተት ተቅማጥ ቢያመጣባትስ?» አልኩት። «እሱንስ ማን ይችልልናል?»

ብቻዬን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ «ሲስተር፣ የምፈራው ስለማላውቅ ነው» አለኝ። «ይህን በሽታ ማንም አላስተማረኝም።»

«እኔም አላውቅም» አልኩት። «አብረን እንጠብቃት።»

ጠበቅናት። የሕፃኗን አልጋ ከማሪያም አልጋ ክንድ ያህል አራቅነው፤ ስታጠባ ብቻ ትታቀፋታለች። አፏን ትሸፍናለች፣ እጇን ትታጠባለች። መስኮቱ እንዳይዘጋ ብለን ዝናቡ እንዳይገባ በላስቲክ ከለልነው። ዶክተር ለገሰ ጠዋትም ማታም የሕፃኗን ትንፋሽ ያዳምጣል። እስከ ዛሬ ደህና ናት። ማሪያምም ትኩሳቷ በርዶላታል። ሱለይማን መስኮቱ ሥር ጃንጥላ ይዞ ይቆማል፤ እሷ ልጅቷን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች።

አይናለምን ሳሚልኝ። አንገቷ ሥር፣ እዚያ ላብ ላብ የሚላት ቦታ።

ፍሬ


ባምባሲ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንኳን ማርያም ማረቻት። ስማቸው መግጠሙ ደስ አለኝ።

ዶክተርሽን ወደድኩት። አላውቅም የሚል ሐኪም አይቼ አላውቅም። በርታ በይልኝ፤ ለሁለታችሁም ማር ልኬላችኋለሁ፤ ፈየራ በመንገድ እንዳይልሰው አደራ።

ለዚያች ሕፃን ስትሟገቺ የማን እናት ሆነሽ እንደተናገርሽ ገብቶኛል። ከዚህ በላይ አልልም።

ግን ያ መነጽር። «መንጭቃ ጣለችው» ብለሽ እንደ ዋዛ ያለፍሽው። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያስ? መልሰሽ አደረግሽው ወይስ እንዲያው ጨረስሽ? ይህን ሳትመልሺ ሌላ ወሬ እንዳትጽፊልኝ።

እናትሽ


አሶሳ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

እማዬ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብኝ በአጭሩ ነው የምጽፍልሽ። ማሩ ደርሷል። መነጽሩን መልሼ አድርጌዋለሁ፣ አታስቢ። ፈየራን ብዙ አታስቁሚው፤ ይቸኩላል። ለጥቂት ሳምንት ደብዳቤ ቢዘገይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው።

ፍሬ


ባምባሲ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ፍሬሕይወት፣

መንገዱ ጭቃ አይደለም። ፈየራ መጥቶ የለ?

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት፤ ፊደሉ የአንቺ ነው፣ እጁ ግን የአንቺ አይደለም። መስመሩ ወደታች ወርዷል። ፈየራን ቀና ብዬ አየሁት። አፉ ተሸፍኗል፣ ዓይኑ ግን አልተሸፈነም። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው የምሰማው በፊቱ ነው፤ የፈየራ ዓይን ይጠፋኛል? «ታማለች?» አልኩት። መሬት መሬቱን አየ። «ትተነፍሳለች?» አልኩት። ራቅ ብሎ መሸፈኛውን ዝቅ አደረገና «ኦክስጅን ተደርጎላት ነው፤ ግን ትናገራለች፣ ደብዳቤውንም ራሷ ጻፈችው» አለኝ። አትቆጪው። ምንም አልነገረኝም በይ፤ እኔ ነኝ ከፊቱ የወሰድኩት።

ልጄ፣ እኔን ለማዳን ብለሽ እንደደበቅሽኝ አውቃለሁ። እንግዲያው እኔም የደበቅሁሽን ልንገርሽ፤ ተያይተን እንውጣ። መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። አይናለም እጄ ከገባች ወዲህ ባምባሲ አልሄድኩም። ጤና ጣቢያ ሄጄ በሽታውን ለልጅሽ ይዤላት ብመጣስ ብዬ ፈራሁ። ያለኝን አንድ ቀን እየዋጥኩ አንድ ቀን እየተውኩ አብቃቃሁት፤ ከዚያ አለቀ። በሰኔ ማገዶ ስለቅም ዞሮብኝ ወደቅሁ። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ አልነበረችም፣ አትደንግጪ። አንለይ አነሳኝ።

ብሪቱ መጥታ ስትለካኝ ፊቷ ተለወጠ። አልተቆጣችኝም። «እማማ፣ እንዳንቺ የቀሩ ብዙ ናቸው» አለችኝ። ከጤና ጣቢያው ሰዎች ጋር ተነጋግራ፣ ግፊትና ስኳር ያለብን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለብዙ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ቤታችን ድረስ እንዲመጣልን አደረገች። እሷው በየቤቱ እየዞረች ትለካናለች፣ ደጅ ላይ። አሁን በእውነት እየዋጥኩ ነው። የማታምኚኝ ከሆነ ብሪቱን ጠይቂያት።

እነሆ፣ የእኔ ይኸው ነው። አሁን የአንቺን ንገሪኝ። መጻፍ ካቃተሽ ለፈየራ በቃል ንገሪው፤ ይጩህ፣ መንደሩም ይስማ፣ ግድ የለኝም።

አትሙቺብኝ።

እናትሽ


አሶሳ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

እማዬ፣ የእኔ እናት፣

ከአልጋ ተነስቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ ነው። መስመሩን እዪው፤ አልወረደም።

ሁሉንም ንገሪኝ ባልሽው መሠረት ልንገርሽ። መነጽሩን መልሼ አላደረግሁትም፤ እጆቼ በሕፃኗ ተይዘው ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሴን አመመኝ፣ ከዚያ ሽታ ጠፋብኝ። የላክሽውን ማር ከፍቼ ሳሸተው ምንም። ያን ጊዜ አወቅሁ። ቀጥሎ ትንፋሼ አጠረ። ኦክስጅን ላይ ነበርኩ። በሆዴ አስተኝተውኝ ነበር፤ እንደዚያ ሲሆን ሳንባ ይቀለዋል። ሌላው በሽተኛ ተኝቶ የሚያውቀው ጣሪያውን ነው፣ እኔ ግን ወለሉን ነው የማውቀው።

በጣም ፈርቼ ነበር። ይህን የምነግርሽ፣ ሳልነግርሽ ብቀር ለምን አልነገርሽኝም ብለሽ ስለምትጠይቂኝ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ለእኔም እንደዚያው አደረጉልኝ፤ ወደ እኔ ከመግባታቸው በፊት በመስኮቱ ፊታቸውን ያሳዩኝ ነበር። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ እኮ፣ የስንት ዓመት ጓደኞቼ ናቸው። ግን ፊታቸውን ሳይ እንዴት እንደቀለለኝ። ለማሪያም ምን እንደሆነላት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እሷም ድና ወጥታለች። ሕፃኗ አልታመመችም። ሱለይማን መታመሜን ሰምቶ በየቀኑ እየመጣ ከአጥሩ ውጭ ይጠይቃል አሉ። አንድ ቀን መስኮቱ ድረስ አስመጡልኝ። «ፍሬሕይወት፣ ማሪያም ዱዓ ያደርጋል። አንተ ይድናል ኢንሻአላህ» አለኝ። ሳቄ መጣብኝ፣ ሲያስለኝ ደነገጠ። ልጅቷን ማን አላችኋት ብዬ በምልክት ጠየቅሁት። «ሐያት» አለኝ። ሕይወት ማለት ነው አሉ፤ ከእኔ ስም ግማሹን ወስደዋል።

አሁን ስለ አንቺ። ለሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ አትቅሩ እያልኩ የምለፈልፍ ሰው፣ የገዛ እናቴ ቀርታ ኖሯል። ደብዳቤሽን ሳነብ ኦክስጅኑ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ ተናድጄ ልነሳ ስል ነርሷ መልሳ አስተኛችኝ። ተናድጄብሻለሁ። እወድሻለሁም። ሁለቱም በአንድ ላይ ናቸው።

ብሪቱ ያደረገችውን ለዶክተር ለገሰ አነበብኩለት። እኛም በክትትል ላይ ላሉት ነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ መድኃኒቱን አብዝተን መስጠት ጀምረናል፤ በየጊዜው እንዳይመላለሱ።

ለመስቀል ፈቃድ ይሰጠኛል። ድጋሚ ተመርምሬ፣ ነፃ ነሽ ከተባልኩ እመጣለሁ።

ፍሬሽ


አሶሳ፣ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም.

እማዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የሰጠሽኝ በቆሎ ሳይሰበር ደርሷል።

ስትሸኚኝ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ «ድካም ነው» አልኩሽ። ተባብለን ነበር፣ አንደባበቅም ብለን። ድካም አይደለም።

ያን ያህል ወራት አስቤው ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ሮጣ ትመጣለች፣ አነሳታለሁ ብዬ። አይናለም አይታኝ ከቀሚስሽ ኋላ ገባች። ስሟን ስጠራት አንቺን «እማ» ብላ ጠራችሽ። ከረሜላውን ተቀበለችኝ፣ ከዚያ እንደ እንግዳ ሰው «ይስጥልኝ» አለችኝ። አንቺ ነሽ ያስተማርሻት፤ ጨዋ ልጅ ነች። ያ «ይስጥልኝ» ግን ከኦክስጅኑ ቀን ይልቅ አፈነኝ።

ሥራዬን ልለቅ ነው። ማንንም አላማክርም፤ ሰራዊት በስልክ «እንደ ልብሽ» ብሎኛል። በዚህ ዓመት ከሺህ ሰው ልጅ ጋር ቆሜያለሁ፣ ከራሴ ልጅ ጋር አልቆምኩም። ማመልከቻውን ጽፌያለሁ። ለዶክተር ለገሰ የምሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ይህን ስታነቢ፣ ስትቆጪኝ ቀና ብለሽ እንደምታዪኝ ዓይነት አትዪኝ።

ፍሬ


ባምባሲ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬሕይወት፣

ደብዳቤሽን አንብቤ አስቀምጬ፣ አንስቼ አንብቤ ነው የከረምኩት። ማመልከቻውን እስካሁን ካልሰጠሽ አትስጪ። ሰጥተሽ ከሆነ ሄደሽ ተቀበዪ።

እሷ አንቺን የረሳችው ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ አንቺም ክፉ እናት ሆነሽ አይደለም። ልጅ እናቷን የምታውቀው በየቀኑ ስታያት ነው፣ ለመስቀልና ለፋሲካ ስትመጣ አይደለም። ይህን መድኃኒት የለውም ብለሽ ነው ሥራ የምትለቂው? መድኃኒት አለው። እኛ መጥተን አንቺ ጋ እንኖራለን።

አስቤበታለሁ። ማሳዬን ለአንለይ የእኩል እንዲያርሰው ሰጥቻለሁ፤ ዶሮዎቹን ባለቤቱ ትይዝልኛለች። የልጅ ልጃቸው መዳህ ጀምሯል፤ እንቁላሉ ለእሱ ይሁን ብያለሁ። ብሪቱ የመድኃኒት ካርዴን ወደ አሶሳ አዛውራልኛለች። ስትሰናበተኝ ራቅ ብላ ቆማ፣ መሸፈኛዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ናፍቆትሽን አልችለውም» አለችኝ። በደንብ ሰማኋት።

ሰው ሁሉ «አሰለፈች በስተርጅና ከተማ ለመደች» ይለኛል። ይበለኝ። እኔን ከወሎ በመኪና ጭነው ወደዚህ አገር ሲያመጡኝ ወደሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አንቺ ዛሬ ከደረስሽበት ዕድሜ አንስ ነበር። አባትሽን እዚህ አገኘሁት፣ እዚሁ ቀበርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከዚህ መንደር የሚያስነሳኝ የለም ብዬ ምዬ ነበር። አሁን ግን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይጭነኝ፣ በገዛ እግሬ ተነስቻለሁ። እንዴት ደስ እንደሚል አላውቀውም ነበር።

ፈየራን ውሰደን ብለው «እማማ፣ ጤነኛ ሰው በአምቡላንስ አይጫንም» አለኝ። በሚኒባስ እንመጣለን፤ አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን። አንቺ ለሁለት ሴትና ለአንድ ሕፃን የምትበቃ ቤት ፈልጊ። ሥራ ውለሽ ስትገቢ ልብስሽን ደጅ አውልቀሽ፣ ታጥበሽ ትገቢያለሽ፤ እኔ ውሃውን አሙቄ እጠብቅሻለሁ። የቀረውን እንደምንም እናደርገዋለን፤ እናንተስ እንደምንም አይደል ሆስፒታሉን ያቆማችሁት?

ሐሙስ ነው የምንመጣው። አይናለምን «ልንሄድ ነው፣ ወደ እማ ሥራ» ብያት ጫማዋን አምጥታ አድርጊልኝ አለችኝ። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው ብላት፣ አውልቂ ብላት፣ እምቢ ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

እናትሽ አሰለፈች